ፈተናው ተማሪውን ይጠይቃል፣ ትምህርት ቤቱንስ ማን ይጠይቀው?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ጎንደር ውስጥ ነጭ ጋዋን በለበሰ ሰው ሁሉ ስልክ ላይ ሲዞር ሰነበተ። ጸሐፊው ሐኪም ናቸው። እዚሁ ተምረዋል፣ እዚሁ አገልግለዋል። ስማቸውን የማላነሳው ጠቤ ከሐሳቡ እንጂ ከሳቸው ጋር ስላልሆነ ነው። ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ የሕክምና ትምህርት ቤቶች እውቅና ይኑራቸው፣ በየጊዜው ይገምገሙ የሚባለው የወረቀት ሥራ ነው። ተመራቂውን በፈተና ማጣራት ይበቃል። የድሮው ጎንደር ያለ ማንም እውቅና ስንት አንቱ የተባለ ሐኪም አፍርቷል። አገሪቱ ሐኪም ጠምቷት ሳለ መስፈርት ማብዛት በር መዝጋት ነው። መስፈርቱም ከውጭ የተጫነ ነው፣ ትርፉ ልጆቻችንን ወደ አሜሪካ ማሻገር ነው። በዚያ ላይ ገምጋሚ ተብለው የሚመጡት ግማሾቹ ሐኪም አይደሉም።

እኔ የጤና ሳይንስ መምህር ነኝ። ካስተማርኩበት ሰዓት የተረፈው ጊዜዬ የሚያልቀው ደግሞ በዚሁ በተወገዘው ሥራ ነው፤ መስፈርት ማርቀቅ፣ የግለ ግምገማ ሰነድ ማንበብ፣ ገምጋሚ ሆኖ ትምህርት ቤት መዞር። ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ አልልም። ግን ቅርብ ሆኜ ያየሁት ነገር አለ።

ከወረቀቱ እንጀምር። ወረቀት በዝቷል የሚለው እውነት ነው፣ አልከራከርም። አንድ ፕሮግራም ለግምገማ ሲቀርብ ጠረጴዛው በክላሰር ይሞላል፤ ከክላሰሩ ውስጥም ለይስሙላ የተጻፈ አይጠፋም። አንድ ትምህርት ቤት (የት እንደሆነ ይቅር) የሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ብሎ ያቀረበልን ነበር። የሁለት ዓመት ስብሰባ ነው። አንድ የእጅ ጽሑፍ፣ አንድ የቀለም ዓይነት፣ ፊርማዎቹ ሁሌም በአንድ ተራ። ቀኖቹን ሳገላብጥ አንዱ ጥር 11 ሆኖ አገኘሁት። ጥር 11! ጎንደር ተወልጄ አድጌ ይህን ሳነብ ምን እንዳልኩ አንባቢ ይገምት። አገር ምድሩ ታቦት ሊያጅብ ወጥቶ እነሱ በሙሉ ድምፅ ስለ ክሬዲት ሰዓት ይወስናሉ፣ ማንም አልቀረም፣ «አጀንዳው በሰፊው ውይይት ተደረገበት» ይላል።

ታዲያ ይህን ማን ነው ያጋለጠው? ያው የተወገዘው ግምገማ ነው። ጸሐፊው የሳቱት ነገር ይህ ይመስለኛል። እውቅና ማለት ሰነዱ አይደለም። ሰነዱ ገምጋሚው ሲመጣ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ የሚነግረው ነገር ነው። ዋናው ጉብኝቱ ነው፤ በአካል ሄዶ ማየት፣ ዲኑን ብቻ ሳይሆን ተማሪውን፣ ነርሷን፣ መዝገብ ቤት ያለችውን ሴት ማናገር።

እዚያው ትምህርት ቤት ከሰዓት በኋላ ዎርድ ወረድን። አንዲት እናት አልጋ ላይ ተኝተዋል። ዙሪያቸውን የቆሙት ተማሪዎች ድርብ ረድፍ ሠርተዋል፤ የኋለኛው የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ነው። ሲኒየሩ ስለ ጉበት ያብራራሉ፣ በደንብም ያብራራሉ። የፊተኞቹ ተራ በተራ የእናትየዋን ሆድ ይዳስሳሉ። እናትየው ብዙ ታገሡ። በኋላ ግን ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ሸፈኑት፣ በቃኝ ማለታቸው ነው። ከኋላ ቆሞ የነበረ አንድ ልጅ ለብቻው ጠርቼ ዛሬ ምን አየህ ብለው «ጉበታቸው አድጓል አሉ» አለኝ። ሎግ ቡኩን፣ የሠራው ልምምድ የሚፈረምበትን ደብተር፣ አሳየኝ። ለዚያ ሳምንት የሚጠበቅበት ሁሉ ተፈርሞለታል፤ ፊርማው አንድ ቀን ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ አንድ ትንፋሽ። የክህሎት ቤተ ሙከራው ውስጥ ደግሞ የማዋለጃ መለማመጃው ሞዴል ከነላስቲኩ ቆሟል። ላስቲኩ ለምን አልተቀደደም ስንል የቁልፉ ኃላፊ «እንዳይበላሽ» አሉ።

ይህን ልጅ እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልውሰደው። ፈተና ይበቃል ወደሚለው።

የመውጫ ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ከዚያ ቀደም ብሎም ለጤና ባለሙያዎች የሙያ ፈቃድ ፈተና ሲመጣ፣ ደግፌያለሁ፣ አሁንም እደግፋለሁ። ጸሐፊው ፈተናውን ሲያወድሱ ከጎናቸው ነኝ። ግን ፈተናው የሚመጣው መቼ ነው? ሁሉ ካለቀ በኋላ። ልጁ ስንት ዓመት አዳሪ ሆኖ፣ ቤተሰቡ ከአፉ ነጥቆ አስተምሮት፣ ወንበሩን ሌላ ሰው ሳይቀመጥበት ቀርቶ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል። 50 ካመጣ አለፈ። ካላመጣ ወደቀ። ማን ወደቀ? ልጁ። ስሙ የማይለጠፈው፣ የማይሸማቀቀው፣ ደግሞ ልፈተን ብሎ የማይመዘገበው ማነው? ያስተማረው ትምህርት ቤት። በመጪው መስከረም በሩን ከፍቶ ቀጣዩን ባች ይቀበላል።

ደግሞ ፈተናው ምርጫ ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ጎበዝ ልጅ ዎርድ ሳይረግጥ የጥያቄ ባንክ ሸምድዶ ሊያልፍ ይችላል፤ ይህን ጸሐፊው እንደ ሐኪም ከኔ በላይ ያውቃሉ። ምጥ የያዛትን ሴት በእጁ አዋልዶ ያውቃል ወይ? የሚንቀጠቀጥ ሕፃን እናት ፊት ሲቆም ድምፁ ይረጋል ወይ? ለዚህ የተቀመጠ ነጥብ የለም። ፈተናው እጅን አያይም። እጅ የሚገራው አልጋ ዳር ነው። የአልጋ ዳሩን ትምህርት የሚያይ አንድ መንገድ ብቻ አለ፣ እሱም ሄዶ ማየት።

ሌላም ችግር አለበት። ፈተናው ከአንድ ትምህርት ቤት ብዙ ልጅ ወደቀ ብሎ ይነግረናል እንበል። ለምን እንደወደቁ ግን አይነግረንም። ፓቶሎጂስት ጠፍቶ ነው? ሆስፒታሉ በሽተኛ አጥቶ ነው? መምህራኑ ሦስት ቦታ እየሠሩ እዚህ የሚመጡት ለፊርማ ብቻ ሆነው ነው? ወይስ አልጋው ለ40 ተማሪ ታስቦ 150 ተልኮበት? ትኩሳት መለካት ጥሩ ነው፣ ግን ወባ ይሁን ታይፎይድ ቴርሞሜትሩ አይናገርም፤ ይህን ለሐኪም መንገር ድፍረት ይሆንብኛል።

የድሮው ጎንደር። እዚህ ነጥብ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጸሐፊው ልባችንን የነኩት በዚህ ነው። አዎ፣ የድሮው ጎንደር ድንቅ ነበር። ግን እንዴት ድንቅ እንደሆነ እናስታውስ እንጂ።

እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ወደ 7,000 ሰው ፈጀ። የሚያክመው ሰው አልነበረም። በዓመቱ፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። መንግሥት ብቻውን አልከፈተውም፤ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ እርዳታ አብረው ነበሩ። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በአንድ ላይ እየሠለጠኑ፣ በቡድን ሆነው ቆላ ድባንና መሰል ጤና ጣቢያዎች ወርደው ይሠሩ ነበር። መምህራቸው አብሯቸው ይወርዳል። ቁጥራቸው ጥቂት ነው። እያንዳንዱን በስሙ ያውቀዋል። የሕክምና ዶክተር ማሠልጠን ሲጀመርም እ.ኤ.አ. በ1978 ያኔ ምሥራቅ ጀርመን ከነበረው የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጣምሮ ነው። መምህራን ከዚያ መጡ፣ ሥርዓተ ትምህርቱን አብረው አዩት።

ስለዚህ ያለ እውቅና የሚለው ላይ ልብ እንበል። የእውቅና ሰርተፍኬት አልነበረም። የውጭ ዓይን ግን ነበረ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከግቢው ውጭ ያለ ሰው «ይህን ለምን እንዲህ አደረጋችሁ?» ይል ነበር። ከዚያ በላይ ደግሞ አገሪቱ ውስጥ ለብዙ ዘመን የነበሩት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሦስት ናቸው፤ አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ጅማ። ሦስት ሲሆኑ ሁሉም ሁሉን ያውቃል። የጎንደር ሰርጅን የአዲስ አበባን ተማሪ ሊፈትን ይሄዳል፣ የአዲስ አበባው እዚህ ይመጣል። የደከመ ተማሪ ይዞ የቀረበ መምህር ፊቱ ይቀላል። ያ መተዋወቅ ራሱ ቁጥጥር ነበር። አሁን ትምህርት ቤቱ በደርዘን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ብቻ በአንድ ጊዜ 13 አዲስ ቦታ የሕክምና ትምህርት ተጀምሯል። በመተዋወቅ የሚሠራው ነገር እዚህ አይሠራም። አንድ ሰው መኪና ይዞ ተነሥቶ መሄድ አለበት።

የሐኪም እጥረቱ። ይህ ከባዱ ክርክራቸው ነው፣ በቀላሉ አላልፈውም። አገራችን ለ10,000 ሰው አንድ ሐኪም ግድም ነው ያላት። ከቋራ ወይም ከመተማ ታማሚ ተሸክሞ የመጣ ሰው ስለ መስፈርት ቢያወሩት ይስቃል። መስፈርት አለቦታው ሲገባ እንደሚጎዳም ታሪክ አለ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር የተባለ ሰው በአሜሪካና በካናዳ ያሉትን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች ዞሮ አይቶ ሪፖርት አወጣ። አብዛኞቹ ቤተ ሙከራ የላቸው፣ ሆስፒታል የላቸው፣ ገንዘብ የከፈለን ሁሉ የሚያስመርቁ ነበሩ። በአስር ዓመት ግድም የአሜሪካዎቹ ወደ 85 ወረዱ። ሕክምናው ተሻሻለ፣ እሰየው። ግን ያኔ ከነበሩት ሰባት የጥቁሮች ሕክምና ትምህርት ቤቶች አምስቱ ተዘጉ። የሚያግዛቸው አልነበረም፣ አሟሉ ተባሉ፣ አላሟሉም፣ አለቀ። ጥቁሩ ሕዝብ ሐኪም በማጣት ዋጋውን ለብዙ ዘመን ከፍሏል።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት ግን መስፈርት ይቅር የሚል አይደለም። ጉድለት ያሳየ ሰው ጉድለቱን የሚሞላበት ጊዜና ገንዘብም ይዞ ይምጣ የሚል ነው። ደካማውን ትምህርት ቤት ስታገኝ ሁለት ምርጫ ብቻ አይደለም ያለህ፣ መዝጋት ወይም ዝም ማለት። ቅበላውን ግማሽ አድርግ ማለት ይቻላል። በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ተማሪ አትቀበል፣ ያሉህን በደንብ አውጣ ማለት ይቻላል። ለተማሪዎቹ ሌላ ሆስፒታል ልምምድ ፈልግላቸው ማለት ይቻላል። እኔ የማውቀው ጥሩ የግምገማ ውሳኔ ሁሉ እንዲህ ያለ ነው፤ «ይህን በዚህ ጊዜ አስተካክል፣ ተመልሰን እናያለን።»

ደግሞ እጥረት እጥረት ስንል አንድ የማይመች ነገር እንዳንረሳ። ተመርቀው፣ ፈቃድ ይዘው፣ ሥራ ፈልገው የሚንከራተቱ ወጣት ሐኪሞች አሉ። ጸሐፊው የሚያውቋቸው አይጠፉም፣ ፒያሳ ቡና ቤት ውስጥ ሲቪ ያተሙ ልጆች ናቸው። ሐኪም ጠፍቶ ሐኪም ሥራ የሚያጣው የበጀትና የምደባ ጉዳይ ነው። እሱን የእውቅና መሥሪያ ቤት ላይ መደፍደፍ አልሸሹም ዞር አሉ ነው።

ከውጭ ተጫነብን፣ ወደ አሜሪካ ማሻገሪያ ነው የሚለው። የነገሩ ምንጭ ይህ ነው፦ የውጭ አገር ተመራቂ ሐኪሞችን የምስክር ወረቀት የሚያጣራው የአሜሪካ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ማሳሰቢያ አወጣ። ከ2023 ጀምሮ የሚያመለክት ሐኪም የተማረበት ትምህርት ቤት የታወቀ ገምጋሚ የገመገመው መሆን አለበት አለ። ኮሮና መጣና ወደ 2024 ተገፋ። ያኔ ዓለም በሙሉ ተንጫጫ፣ እኛም ጭምር። ጸሐፊው ይህን ጫጫታ ሰምተው እውቅና ማለት ለአሜሪካ የሚደረግ ሽርጉድ ነው ብለው ቢደመድሙ አልፈርድባቸውም፤ አንዳንድ ዲኖችም በዚያ ቋንቋ ነው ሲሸጡት የነበረው። እንዲያ ብሎ መሸጡ ስህተት ነው።

ግን የዓለም የሕክምና ትምህርት ፌዴሬሽን የሚባለው ድርጅት መጥቶ የጎንደርን ወይም የጅማን ትምህርት ቤት አይገመግምም። እሱ የሚያየው የየአገሩን ገምጋሚ መሥሪያ ቤት ነው፣ ሥራህን በሥርዓት ትሠራለህ ወይ ብሎ። እ.ኤ.አ. በ2020 ያሻሻለው የመጀመሪያ ዲግሪ መስፈርቱም ስምንት ዘርፎች አሉት፤ ለአንድ ተማሪ ስንት አልጋ፣ ስንት መምህር የሚል ቁጥር ግን አያስቀምጥም። ቁጥሩን እናንተ እንደ አገራችሁ ሙሉት ነው የሚለው። እንዲያውም ደጋግሞ የሚጠይቀው ትምህርት ቤቱ የሚያገለግለውን ሕዝብ ያውቀዋል ወይ ብሎ ነው።

ይህ ጥያቄ ጎንደር ላይ ሲጠየቅ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ከመተማና ከሁመራ ቆላ፣ ሰሊጥና ማሽላ ሊያጭድ የወረደ የቀን ሠራተኛ ይመጣል። ትኩሳቱ ሳምንታት አልፎታል፣ ሰውነቱ አልቋል፣ ጣፊያው አብጦ ሆዱን ሞልቶታል። ካላዛር ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለዚህ በሽታ የሕክምናና የምርምር ማዕከል ያለው በከንቱ አይደለም። አንድ ተማሪ እዚህ አካባቢ ሕክምና ተምሮ ይህን ጣፊያ በእጁ ሳይዳስስ ቢመረቅ ምን ይባላል? የውጭ የተባለው መስፈርት የሚጠይቀን ይህን ነው፣ የቦስተንን በሽታ አስተምሩ አይደለም። ልጁ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ካላዛር አያስፈልገውም፣ የሚያስፈልገው ቋራ ቢመደብ ነው።

ገምጋሚዎቹ ሐኪም አይደሉም ለሚለው ብዙ አልጽፍም። ፍሌክስነር ራሱ ሐኪም አልነበረም፣ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። የትምህርት ምዘና ባለሙያ ፈተና ሲያይ፣ ነርስ ዎርድ ስታይ፣ ተማሪ የተማሪ ማደሪያ ሲያይ ሐኪሙ የማያየውን ያያሉ። የቡድኑ ሰብሳቢ ሐኪም መሆኑ ጥሩ ነው፤ ሁሉም ሐኪም ሲሆኑ ግን ያየሁት ነገር ቢኖር ዲኑ የክፍል ጓደኛቸው ሆኖ ምሳ ላይ ግምገማው ሲያልቅ ነው።

አሁን ወደሚያስማማን። ጸሐፊው በመጨረሻው አንቀጽ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጓት ነገር አለች፤ የግሉ ኮሌጅ ሲንገላታ የመንግሥቱ ለምን ይተዋል የምትል። ከጽሑፋቸው ሁሉ ትልቋ እሷ ነበረች፣ ቢሰፉባት ኖሮ ይህን መልስ አልጽፍም ነበር። በአዋጅ ቁጥር 351/1995 የጥራት ኤጀንሲው ሲቋቋም እውቅና በተግባር የግል ተቋማት ጉዳይ ሆነ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ስለተቋቋመ ፕሮግራም ሲከፍት ፈቃድ አይጠይቅም ነበር፤ ኦዲት ይደረጋል፣ ምክር ይሰጠዋል፣ ያበቃል። ኤጀንሲው ኋላ ላይ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሆነ፣ ሕጉም ተሻሻለ፣ ያ ልማድ ግን ከአእምሯችን በቀላሉ አልወጣም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ለግምገማ ስትሄድ እስካሁን «እኛ እኮ የመንግሥት ነን» የሚል ሰው ታገኛለህ፣ ከልቡ ግራ ገብቶት። አልጋ ላይ የተኛችው እናት ግን የሚዳስሳት ልጅ የመንግሥት ይሁን የግል ተማሪ ምን ገዷት። መስፈርቱ አንድ መሆን አለበት፣ ቅጣቱም አንድ።

ሁለተኛው የሚያስማማን ውጤቱ ሾላ በድፍን መሆኑ ነው። ገምጋሚ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ሪፖርት ይጻፋል፣ ሪፖርቱ ዲኑ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ተማሪ አያየውም። ወላጅ አያየውም። በሌላው ዓለም ብዙ ቦታ ይህ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ትምህርት ቤቱ በየትኛው ዘርፍ ጎደለ፣ እስከ መቼ እንዲያስተካክል ተባለ፣ ቀጣዩ ጉብኝት መቼ ነው። እኛም ጋ እንዲህ ቢሆን ልጁን ሕክምና ሊያስተምር ከደባርቅ የመጣ አባት ሁለት ትምህርት ቤት አወዳድሮ መምረጥ ይችላል፤ ዲኑም በጥር 11 ቃለ ጉባኤ ለመጻፍ ሁለቴ ያስባል። ጸሐፊው ብዕራቸውን ወደዚህ ቢያዞሩት እኔም አብሬ እፈርማለሁ።

በነገራችን ላይ ገምጋሚ ለመሆን ፈቃደኛ የሆነ የካበተ ልምድ ያለው ሐኪም እጅግ ያንሰናል። ሥልጠናው ረጅም አይደለም፣ አበሉም የሚወራለት አይደለም፣ መንገዱም አድካሚ ነው። ዶክተር፣ የሚፈቅዱ ከሆነ ቀጣዩን ዙር አብረን እንውጣ። ዎርዱን እርስዎ ይዩት፣ ክላሰሩን ለኔ ይተዉት።